ኤችኤልኤ-ኤ2ን በጠርሙስ ውስጥ መገጣጠም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሚሠራው ነገር

የሚሠራው ኤችኤልኤ-ኤ2 ነው፤ 02፡01 የሚባለው ዓይነት። በሴል ገጽ ላይ ቆሞ፣ ከሴሉ ውስጥ ከተቆራረጡ ፕሮቲኖች የተገኘ ቁራጭ ይዞ ለቲ ሴል (ለበሽታ መከላከያ ሴል) የሚያሳይ ሞለኪውል። ሦስት አካል አለው፦ ከባዱ ሰንሰለት፣ ቤታ-2-ማይክሮግሎቡሊን (ከዚህ በኋላ ቤታ-2 ብቻ) እና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ የሚረዝም ፔፕታይድ። ስለ ፔፕታይዱ ሲወራ እንደ ጭነት ነው የሚወራው፤ ሞለኪውሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጫንበት ይመስላል። ሥራው ላይ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፔፕታይዱ ምሰሶ ነው፤ ከወጣ የቀሩት ሁለቱ አብረው ብዙ አይቆዩም። ከዚህ በታች የሚመዘገበው ብልሽት አብዛኛው ወደዚህ ይመለሳል።

መንገዱ የታወቀ ነው። ጋርቦቺና ባልደረቦቹ በ1992 ያሳተሙት፣ ሁለቱን ሰንሰለቶች በባክቴሪያ ለየብቻ አምርቶ ከፔፕታይድ ጋር አንድ ላይ የማጠፍ ዘዴ ነው። ከከባዱ ሰንሰለት ከ1ኛው እስከ 276ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ብቻ ተወስዷል፤ በሴሉ ሽፋን ውስጥ የሚያልፈውና ወደ ውስጥ የሚገባው ጭራ ተቆርጧል። በጫፉ ላይ ባዮቲን (ኋላ ሞለኪውሎቹን ለማያያዝ የሚያገለግል ትንሽ ቪታሚን) የሚለጠፍበት 15 አሚኖ አሲድ ተቀጥሎበታል፤ በዚህ መልኩ ክብደቱ ወደ 34 ኪሎዳልተን ነው። ቤታ-2 99 አሚኖ አሲድ ሲሆን 11.8 ኪሎዳልተን ይመዝናል።

ፔፕታይዱ ከኢንፍሉዌንዛ ማትሪክስ ፕሮቲን ከ58 እስከ 66 ያለው ነው፦ ግላይሲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ግላይሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ቫሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ሉሲን። 2ኛውና 9ኛው መልሕቆቹ ናቸው፤ በከባዱ ሰንሰለት ሸለቆ ውስጥ ወዳሉት ኪሶች የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ጠርሙስ 1፣ አንድ ሊትር፦ ይኸው ፔፕታይድ። ጠርሙስ 2፣ 200 ሚሊሊትር፦ ሁለቱ መልሕቆች በአላኒን የተተኩበት ደካማ ፔፕታይድ። ጠርሙስ 3፣ 200 ሚሊሊትር፦ ያለ ፔፕታይድ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው «ምን ያደርጋል» ብሎ ይዘለዋል። እኛ አንዘልም፤ ኋላ ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ዓምድ ላይ የሚታየው ጉብታ የምን እንደሆነ አፍ አውጥቶ የሚናገረው እሱ ነው።

ባክቴሪያና ዝቃጭ

ሁለቱ ሰንሰለቶች ለየብቻ በተራባ ባክቴሪያ፣ ቢኤል21 በሚባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ። 37 ዲግሪ ሴልሺየስ፤ የ600 ናኖሜትር ድፍርስነት 0.6 ሲደርስ ፕሮቲኑን ማምረት የሚያስጀምረው አይፒቲጂ 1 ሚሊሞላር፤ ከዚያ 4 ሰዓት። ከፕሮቲኑ አብዛኛው ሳይታጠፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠጣር እንክብል ይሆናል። በሌላ ሥራ ይህ ኪሳራ ነበር፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። እንክብሉ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በቀላሉ አይደርሱበትም፣ ታጥቦም ይጠራል።

ሴሎቹ በላይሶዛይምና በድምፅ ሞገድ ተሰበሩ። ዲኤንኤ ቆራጩ ኢንዛይም ከማግኒዥየም ጋር ቀድሞ ይገባል፤ ኢዲቲኤ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኢዲቲኤው ማግኒዥየሙን ይይዘዋል፣ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፣ ፈሳሹም እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ከዚያ እጥበት፦ 50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8.0፣ 100 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.5 ከመቶ ትራይቶን ኤክስ-100፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 1 ሚሊሞላር ዲቲቲ (በሲስቴይኖች መካከል ያለውን የሰልፈር ማሰሪያ የሚፈታ)። በየእጥበቱ ዝቃጩ ጓል እስከማይቀርበት ድረስ ይበጠበጣል፤ በ15,000 ጂ ለ20 ደቂቃ በ4 ዲግሪ ይሽከረከራል። ሦስት ጊዜ በትራይቶን፣ የመጨረሻው ያለ ትራይቶን። ትራይቶን ራሱ 280 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ከቀረ የፕሮቲን ልኩን ያሳብጠዋል።

ጥሩ ዝቃጭ እንደ ጠመኔ ነጭና ጠጣር ነው። ከላዩ ቡናማ ልስልስ ሽፋን ካለ የሴል ግድግዳ ፍርስራሽ ነው፤ በስፓቱላ ጠርዝ ተፍቆ ይወጣል። የቤታ-2ው በአንድ ዙር ጠራ፤ የከባዱ ሰንሰለት ተጨማሪ እጥበት ፈለገ።

ማሟሟት

8 ሞላር ዩሪያ፣ 25 ሚሊሞላር ሜስ ፒኤች 6.0፣ 10 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 0.1 ሚሊሞላር ዲቲቲ። ለአንድ ሊትር 480 ግራም ዩሪያ ይገባል። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ ዕቃው በእጅ ሲያዝ ይበርዳል፣ ፍሬውም አልሟሟ ይላል፤ ብዙ ሰው ማሞቂያው ላይ የሚያስቀምጠው እዚህ ጋ ነው። ይህ ክልክል ነው። ዩሪያ በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲያኔት ያወጣል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ሲያኔቱ የፕሮቲኑን መነሻ ጫፍና ላይሲኖቹን ይይዛል፤ በማስ ስፔክትሮሜትር ሲታይ በየቦታው 43 ዳልተን ተጨምሮ ይገኛል። እንዲህ የሆነ ሰንሰለት ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ምንም አይመስልም፤ ሲታጠፍ ግን ያስቸግራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በዕለቱ መበጥበጥ፣ በክፍሉ ሙቀት መታገሥ።

ፒኤች 6 የተመረጠበት ምክንያት ሲስቴይን ነው። በዚህ ፒኤች የሰልፈሩ ቡድን ሃይድሮጅኑን ይዞ ስለሚቆይ ያለ ጊዜው የተሳሳተ ጥንድ አይፈጥርም። ዲቲቲውም ሆን ተብሎ አነስ ብሏል፤ ከበዛ ተከትሎ ወደ ማጠፊያው ይገባና በዚያ የሰልፈር ጥንዶችን የሚያስረውንና የሚፈታውን የግሉታታዮን ሚዛን ያዛባል።

ሁለቱም ወደ 10 ሚሊግራም በሚሊሊትር ተስተካክለው፣ ትንንሽ ድርሻ ሆነው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገቡ። አንድ ድርሻ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

የማጠፊያው በፈር

በፈር ፒኤቹ እንዳይናወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ለአንድ ሊትር፦ ትሪስ 12.1 ግራም፣ አርጂኒን ሃይድሮክሎራይድ 84.3 ግራም፣ ከ0.5 ሞላር ኢዲቲኤ 4 ሚሊሊትር። ይህ 100 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 400 ሚሊሞላር አርጂኒን፣ 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ነው። ሃይድሮክሎራይድ የሌለው አርጂኒን ከተገኘ 69.7 ግራም ይበቃል፤ ግን ፈሳሹ ፒኤች 11 አካባቢ ስለሚሆን ለማውረድ ብዙ አሲድ ይጠይቃል።

ፒኤች 8.0 የሚለካው በ4 ዲግሪ ነው። ትሪስ ሲቀዘቅዝ በየዲግሪው ወደ 0.03 ገደማ ከፍ ይላል፤ በ25 ዲግሪ 8.0 የተባለው ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባ 8.6 ሆኖ ይገኛል።

ፕሮቲኑ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፦ የተቀነሰ ግሉታታዮን 1.54 ግራም (5 ሚሊሞላር)፣ የኦክሳይድ ግሉታታዮን 0.31 ግራም (0.5 ሚሊሞላር)፣ በአይሶፕሮፓኖል የተሟሟ 100 ሚሊሞላር ፒኤምኤስኤፍ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ) 5 ሚሊሊትር። ፒኤምኤስኤፍ በውኃ ውስጥ በፒኤች 8 ዕድሜው አጭር ስለሆነ አስቀድሞ መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

እያንዳንዱ ነገር የማንን ቦታ እንደያዘ መያዙ ይጠቅማል፤ ሲበላሽ የቱን መንካት እንዳለብን ይጠቁማልና። በሴል ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራው በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው። አዲስ የወጣውን ከባድ ሰንሰለት መጀመሪያ ካልኔክሲን ይደግፈዋል፤ ቤታ-2 ሲገባ ካልሬቲኩሊን ይረከባል። ሁለቱም የሚይዙት በ86ኛው አስፓራጂን ላይ በተንጠለጠለው ስኳር ነው። የእኛ ባክቴሪያ ያንን ስኳር አይሠራም፤ ረዳቶቹም የሉም፤ ገና ያልታጠፉት ሰንሰለቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው አርጂኒኑ ነው። ሁለቱ ግሉታታዮኖች የዳይሰልፋይድ ጥንዶች (ሁለት ሲስቴይኖች በሰልፈር የተሳሰሩባቸው) ተፈትተው እንደገና እንዲታሰሩ ዕድል ይሰጣሉ፦ በከባዱ ሰንሰለት 101 ከ164፣ 203 ከ259፤ በቤታ-2 25 ከ80። ታፕ የተባለው ፓምፕ ፔፕታይድ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ እኛ ጋ እሱን የሚተካው ፔፕታይዱን በብዛት መጨመር ነው።

ምትክ ያላገኘው ታፓሲን ነው። ታፓሲን ከኢአርፒ57 ጋር በዳይሰልፋይድ ታስሮ፣ ሸለቆውን ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ ደካማ ፔፕታይድ ቶሎ እንዲወጣና ጠንካራው እንዲተካው ያደርጋል። በደንብ ያልተሞላ ሞለኪውል ቢያመልጥ እንኳ ዩጂጂቲ1 የሚባል ኢንዛይም ስኳሩ ላይ ግሉኮስ መልሶ ይለጥፍበታል፣ ካልሬቲኩሊንም እንደገና ይይዘዋል። በጠርሙሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ የለም፤ ማጣራቱ ሁሉ ለዓምዱና ለሙቀት ፈተናው ተርፏል።

ማስገባት

ቅደም ተከተል፦ ፔፕታይድ፣ ቤታ-2፣ ከባዱ ሰንሰለት።

ፔፕታይድ 10 ሚሊግራም በ0.5 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ፤ በሊትሩ ወደ 10 ማይክሮሞላር ይሆናል። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ክብደት ሁሉ ፔፕታይድ አይደለም፤ ውኃና ጨው አለበት፣ ስለዚህ ትክክለኛው የፔፕታይድ ድርሻ ከምስክር ወረቀቱ ታይቶ ይሰላል። ቤታ-2 24 ሚሊግራም፣ 2 ማይክሮሞላር። ከባዱ ሰንሰለት በድምሩ 34 ሚሊግራም፣ 1 ማይክሮሞላር፤ እሱ ግን በሦስት ተከፍሎ፣ በየ8 ሰዓቱ 1.1 ሚሊሊትር ነው የሚገባው። ተከትሎ የሚገባው ዩሪያ በመጨረሻ 50 ሚሊሞላር እንኳ አይሞላም፤ አያሳስብም።

ቤታ-2 ብቻውን መታጠፍ ይችላል፤ ጠብቆ ይቆያል። ከባዱ ሰንሰለት ግን ብቻውን ከተተወ ከመሰሉ ጋር ይጣበቃል። በሦስት የሚከፈለውም ለዚህ ነው፦ በአንድ ጊዜ ያልታጠፈው ሰንሰለት ብዛት ትንሽ ሲሆን ከመሰሉ ይልቅ ቤታ-2ንና ፔፕታይድን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

መርፌው 26 ቁጥር፣ ጫፉ ከፈሳሹ በታች፣ ከማማሰያው ማግኔት አጠገብ ፈሳሹ በኃይል በሚዞርበት ቦታ። ጠብታ በጠብታ። ከጫፉ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተስቦ ሳይጠፋ ከቀረ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ማማሰያውን ጨምሮ እጅን ማዘግየት ነው። ክሩ በቅጽበት ከጠፋ ደህና ነው። አስገብቶ ሲያበቃ ማማሰያው ቀስ ይላል፤ አረፋ አይፈለግም፣ ፕሮቲን በአየርና በውኃ ድንበር ላይ ይፈታል።

ጠርሙስ 1 ከሦስተኛው ጭማሪ በኋላም እንደጠራ ነው። ጠርሙስ 2 ስስ ጭጋግ አለው። ጠርሙስ 3 ከሁለተኛው ጭማሪ ጀምሮ ደፈረሰ፤ በማግስቱ ታችኛው ክፍል ላይ ነጭ ደለል አረፈ።

ድፍርስነት ሁሉ አንድ አይደለም። ከባዱ ሰንሰለት ከመግባቱ በፊት ከታየ ፔፕታይዱ ራሱ አልሟሟም፤ ቅባት ወዳድ አሚኖ አሲድ የበዛበት ፔፕታይድ ይህን ይወዳል፣ ዲኤምኤስኦው በርከት ብሎ በዝግታ ሲንጠባጠብ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በየጭማሪው ትንሽ ከደፈረሰና ከዚያ በላይ ካልጨመረ የተለመደ ኪሳራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እየበዛ ከሄደ ግን የሚጠረጠረው ፔፕታይዱ አለመያዙ ወይም የከባዱ ሰንሰለት ዩሪያ ማርጀቱ ነው። የቱ እንደሆነ ለመለየት የታወቀ ጥሩ ፔፕታይድ ከዚያው ሰንሰለት ጋር በ50 ሚሊሊትር ይሞከራል፤ እሱም ከደፈረሰ ጥፋቱ የሰንሰለቱ ነው።

ማወፈርና ዓምድ

ከመጨረሻው ጭማሪ በኋላ አንድ ቀን ተኩል በ4 ዲግሪ ቆየ። መጀመሪያ ሽክርክሪት፣ ቀጥሎ 0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ። ደለሉ ሳይወጣ ወደ ማወፈሪያው ከገባ ሽፋኑን ይደፍነዋል፣ የተጣበቀውም ፕሮቲን ሌላውን መጎተት ይጀምራል። 30 ኪሎዳልተን የሚያግድ ሽፋን ተመርጧል፤ አብዛኛው ትርፍ ቤታ-2ና ትርፉ ፔፕታይድ ያልፋሉ፣ ውሁዱ (ሦስቱ አካላት የተገጣጠሙበት) ይቀራል።

ጠርሙስ 2 የተጎዳው እዚህ ነው። ሳይወፍር በፊት በአንቲቦዲ ሲለካ የተወሰነ ውሁድ ነበረው፤ ከወፈረ በኋላ ግን አዲስ ድፍርስ ወጣ፣ ልኩም ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደካማ ፔፕታይድ እየወጣና እየገባ ነው የሚኖረው፤ ዙሪያውን ያለው ትርፍ ፔፕታይድ በሽፋኑ ሲያልፍ የወጣው የሚመለስበት አጣ፣ ባዶ የቀረውም ሞለኪውል ተፈታ። ከደካማ ፔፕታይድ ጋር የግድ መሥራት ያለበት ሰው በማወፈሪያው በፈር ላይ ያንኑ ፔፕታይድ ይጨምር።

ዓምዱ ሱፐርዴክስ 75፣ 120 ሚሊሊትር የሚይዘው፤ በፈሩ 20 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8.0 ከ150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ጋር። ጠርሙስ 1፦ 45 ሚሊሊትር አካባቢ ትንሽ ጉብታ (የተጣበቀው)፣ 60 አካባቢ ትልቁና የተመጣጠነው (ውሁዱ)፣ ወደ 80 ተጠግቶ የተረፈው ቤታ-2። ጠርሙስ 3፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ፣ መካከሉ ባዶ። በጠርሙስ 2 መካከለኛው ጉብታ አጭር ነው፤ ጭራውም ወደ ቤታ-2 ይሳባል፣ በመንገድ ላይ እየተፈታ ያለ ውሁድ መልክ ነው።

በጄል ሲታይ የመካከለኛው ጉብታ ሁለቱንም ሰንሰለቶች ማሳየት አለበት። ዲቲቲ ያለበትና የሌለበት ጎን ለጎን ይሮጣል፤ ጥንዶቹ በትክክል የታሰሩበት ከባድ ሰንሰለት ጠበቅ ብሎ ስለሚቆይ ከተፈታው ትንሽ ቀድሞ ይወርዳል። ከላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ መስመሮች ዲቲቲ በሌለበት በኩል ብቻ ከታዩ ሞለኪውሎች እርስ በርስ በዳይሰልፋይድ ተሳስረዋል፤ ግሉታታዮኑ አርጅቷል ወይም ፒኤቹ ከፍ ብሏል።

ከገባው ከባድ ሰንሰለት ከ5 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው ታጥፎ ከተገኘ የሚያስደስት ነው። የጠርሙስ 1 በዚህ መካከል አረፈ።

የሙቀት ፈተና

0.2 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ ከ25 እስከ 95 ዲግሪ፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ፤ የሚለካው የትሪፕቶፋን ብርሃን ነው። ጠርሙስ 1 ከ60 ዲግሪ በላይ ሄዶ ተፈታ፣ ኩርባውም አንድና ቀጥ ያለ ነው። ጠርሙስ 2 ከ45 ዲግሪ በታች ጀመረ፤ ሁለት እርከን አለው፣ ሁለተኛው ከቤታ-2 ለብቻው ከተለካው ጋር ይገጥማል።

የመፍቻ ሙቀት ብቻውን አያሳምንም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠናቀቅ ፈተና ለሰዓታት መቆየትን አይለካም። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና፦ በ37 ዲግሪ ማስቀመጥና በየጊዜው በደብሊው6/32 አንቲቦዲ መለካት። ይህ አንቲቦዲ ከቤታ-2 ጋር የተያያዘውን ከባድ ሰንሰለት ስለሚያውቅ፣ ልኩ ሲወርድ ውሁዱ እየፈረሰ መሆኑን ይናገራል። የጠርሙስ 1 ሌሊቱን ብዙም አልተነቃነቀም፤ የጠርሙስ 2 ከምሳ በፊት የጀመረ ከምሳ በኋላ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በሕያው ሴልም ነገሩ ይኸው ነው። ታፕ የሌላቸው ቲ2 የሚባሉ ሴሎች በ37 ዲግሪ ገጻቸው ላይ ጥቂት ኤችኤልኤ-ኤ2 ብቻ ይይዛሉ፤ ወደ 26 ዲግሪ ሲወርዱ ግን ባዶ ወይም በደካማ ፔፕታይድ የተሞሉ ሞለኪውሎች ገጽ ላይ ይከማቻሉ። መልሰው ሲሞቁ ፔፕታይድ ያላገኙት ቤታ-2ን ይጥላሉ፣ ሴሉም ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሳቸዋል። ጥሩ ፔፕታይድ ከውጭ ከተጨመረ ግን ይቆያሉ። አዲስ ፔፕታይድ ሊትር ሙሉ በፈር ከመፍጀቱ በፊት በቲ2 ሴል መሞከር ርካሽና ታማኝ ማጣሪያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባዮቲንና አራትዮሽ

የጠርሙስ 1 ብቻ ቀጠለ። 50 ሚሊሞላር ባይሲን ፒኤች 8.3፣ 10 ሚሊሞላር ኤቲፒ፣ 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም አሲቴት፣ 50 ማይክሮሞላር ባዮቲን፣ ከዚያ ባዮቲኑን የሚለጥፈው ቢርኤ ኢንዛይም፤ ሌሊቱን በ25 ዲግሪ። ከዓምዱ የመጣው ጨው ቀድሞ መውረድ አለበት፤ ሶዲየም ክሎራይድ ቢርኤን ያዳክማል። ባዮቲን መለጠፉ ሲያልቅ ነፃው በሌላ ዙር ዓምድ ይወጣል፤ ይህ ከተዘለለ ነፃው ባዮቲን የስትሬፕታቪዲኑን (ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ፣ አራት መያዣ ቦታ ያለው ፕሮቲን) ቦታ ቀድሞ ይይዛል።

ማረጋገጫው በጄል ነው። ናሙናው ፕሮቲን በሚፈታው ሳሙና በኤስዲኤስ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በኋላ ትርፍ ስትሬፕታቪዲን ተጨምሮ ሳይፈላ ይሮጣል። ባዮቲን የያዘው ከባድ ሰንሰለት ወደ ላይ ይዘላል፤ በቦታው የቀረው መስመር ባዮቲን ያልያዘው ነው። ከ10 ከመቶ በላይ ከቀረ ቢርኤው ተጨምሮ ይደገማል።

ለ1 ሚሊግራም ፊኮኤሪትሪን (ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን) ያለበት ስትሬፕታቪዲን ወደ 0.6 ሚሊግራም ውሁድ ይገባል፤ አራት ለአንድ ነው፣ አራትዮሽ የሚባለውም ይኸው ነው። ስትሬፕታቪዲኑ በአሥር ተከፍሎ፣ በየ10 ደቂቃው፣ በረዶ ላይ በጨለማ። በአንድ ጊዜ ቢፈስ ውሁዱ በሁሉም ላይ ይሳሳል፣ ሁለትና ሦስት ብቻ የያዘ ይበዛል፤ በጥቂቱ ሲገባ ግን ቀድሞ የገባው አራቱንም ቦታ ይሞላል። አራትዮሹን አልትማንና ባልደረቦቹ በ1996 ያወጡት አንዱ ብቻውን ቲ ሴልን ይዞ ለመቆየት ስለሚደክም ነው፤ ሦስት ቦታ ብቻ የተሞላው አንድ መያዣ ያጣል።

ፊኮኤሪትሪን ያለበት በ4 ዲግሪ በጨለማ ይቀመጣል፤ አይቀዘቅዝም። ያልታሰረው ባዮቲናማ ውሁድ 20 ከመቶ ግሊሰሮል ተጨምሮበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገባ፣ በ50 ማይክሮሊትር ድርሻ።

ቀጣይ

ለደካማው ፔፕታይድ ሌላ ሰንሰለት ታዟል፦ 84ኛው ታይሮሲንና 139ኛው አላኒን ሁለቱም በሲስቴይን የተተኩበት። ሁለቱ በሸለቆው አንድ ጫፍ ላይ ተጨማሪ ዳይሰልፋይድ ይፈጥራሉ፣ ሸለቆውም የፔፕታይዱን ጫፍ ሳይጠብቅ ቅርጹን ይይዛል። በማጠፊያው ውስጥ ሙሉ ፔፕታይድ ሳይሆን ሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው፣ ግላይሲንና ሜቲዮኒን፣ በሚሊሞላር ደረጃ ይገባል፤ ኋላ በዓምዱ ይወጣና የተፈለገው ፔፕታይድ በቀጥታ ይጨመራል። ጄሉ ላይ የሚፈለገው ዲቲቲ በሌለበት በኩል ከተለመደው ከባድ ሰንሰለት ይበልጥ ቀድሞ የሚወርድ መስመር ነው። ያ ካልታየ ሦስተኛው ጥንድ አልታሰረም፤ ወደ ዓምዱ ከመሄድ በፊት የግሉታታዮኑ ልክ ይፈተሻል።